ያለ ቤተ ሙከራ ስለ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ማስተማር፦ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ «የ7ኛ ክፍል ልጆቼ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ምን እንደሆኑ ሸምድደው ይመልሳሉ፣ አንዱ እንዴት ወደ ሌላው እንደሚለወጥ ግን አልገባቸውም፤ ቤተ ሙከራም የለን» ያልሽውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ደብረ ብርሃን ሳስተምር እኔም ያው ነበርኩ።

1. ከሁሉም በፊት ቴርሞሜትር ፈልጊ። የሕክምናውን እንዳትነኪ፤ ከ42 ዲግሪ በላይ አይለካም፣ ፍል ውሃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል፣ የድሮው ደግሞ ውስጡ ሜርኩሪ ነው። የምትፈልጊው ከ100 በላይ የሚለካውን፣ ቀይ ፈሳሽ ያለበትን ነው። እኛ ጋ ንብረት ክፍል ውስጥ በካርቶን ታሽጎ አቧራ ይጠጣ ነበር። በሞዴል 20፣ በንብረት መጠየቂያው ቅጽ፣ ስጠይቅ «ቢሰበር ከደመወዝህ ይቆረጣል» ተባልኩ፤ ፈርሜ ወሰድኩ። አንቺም ፈርመሽ ውሰጂ።

2. በበረዶ ጀምሪ። ብዙ መምህር ቅቤ ያቀልጣል፤ ቅቤ ግን የተለያየ ስብ ድብልቅ ስለሆነ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል እንጂ አንድ ቁርጥ ያለ የመቅለጫ ነጥብ አያሳይሽም። ጁስ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ውሃ አስረጊ፣ ሰባብሪው፣ ልጆቹ እያማሰሉ በየደቂቃው ያንብቡ። የመጨረሻዋ ስባሪ እስክትጠፋ 0 ላይ ይቆማል። «ታዲያ የገባው ሙቀት የት ሄደ?» በያቸውና ዝም በይ። መልሱን ለመንገር አትቸኩይ፤ ሙቀቱ የውሃውን ቅንጣቶች ከተያያዙበት ለማላቀቅ እንደዋለ ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ።

3. ከዚያ በዚያው ቴርሞሜትር ውሃ አፍሊ። እዚህ ላይ ነው እኔን ያቃጠለኝ። ውሃው እየተንፈቀፈቀ 91 አካባቢ ላይ ቀጥ አለ። ልጆቹ «መጽሐፉ 100 ይላል፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ብለው ጮኹ። በረዶው ላይ ግን ልክ 0 አንብቦ ነበርና ሊያሳብቡበት አልቻሉም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። አዲስ አበባ 92 ገደማ ነው። 100 የተባለው በባሕር ወለል ላይ ላለው ግፊት ነው።

ያን ቀን ክፍል ሊታዘብ የመጣ ሱፐርቫይዘር በልጆቹ ፊት «መምህር፣ የመጽሐፉን ቁጥር አስተምር» አለኝ፤ ቅጹ ላይም «የይዘት ስህተት» ብሎ ጻፈ። ልጆቹ የሞሉትን ሠንጠረዥ ይዤ ቢሮ ድረስ ሄድኩ። ወንበር እንኳ ሳይሰጡኝ «ከመጽሐፉ አትውጣ» ብለው መለሱኝ። ውጤቴም እንደተቀነሰ ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ልጅ በዓይኑ ያየውን ካድ ማለት የሳይንስ ትምህርት አይደለም! ስለዚህ አንቺ ከመጀመርሽ በፊት ለርዕሰ መምህርሽ ምን ቁጥር እንደሚወጣና ለምን እንደሆነ በጽሑፍ አሳውቂ።

ኩራቴን ግን ማንም አልወሰደብኝም። አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ «ሸዋ ሮቢት አክስቴ ቤት ባቄላ ቶሎ ይበስላል፣ እዚህ ግን እናቴ ከሰል ትጨርሳለች፤ ለዚህ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ለዚህ ነው። ሸዋ ሮቢት ከእኛ በብዙ ዝቅ ያለ ቆላ ስለሆነ ውሃው ሲፈላ የበለጠ ይሞቃል። ከመጽሐፉ ውጪ ያወጣኋት ለዚህ ነበር።

4. እንፋሎት። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ አፉ አጠገብ በጣት የምትለካ ባዶ የምትመስል ክፍተት አለች፤ ነጩ ከእሷ ወዲያ ነው የሚጀምረው። ጋዝ የሆነው ውሃ ያለው እዚያች የማትታየው ቦታ ላይ ነው። ነጩ ቀዝቅዞ ወደ ደቃቅ ጠብታ የተመለሰ ውሃ ነው። ቀዝቃዛ ማንኪያ ያዢበት፣ ወዲያው ይወርዛል። እጃቸውን ግን እንዳያስጠጉ፣ እንፋሎት ከፍል ውሃ ይብሳል። ውሃው ውስጥ የሚንተከተከውንም አረፋ «አየር ነው» ይሉሻል፤ እሱም ጋዝ የሆነ ውሃ ነው።

5. ዕጣን ከጠጣር በቀጥታ ወደ ጋዝ ለመለወጥ ምሳሌ አይሆንም። ዕጣን ይቃጠላል፣ ጭሱ ቢቀዘቅዝ ዕጣን አይሆንም። ናፍታሊን ትክክለኛ ምሳሌ ነው፤ ሽታው ለጤና ስለማይሆን ግን ክፍል ውስጥ አታሙቂው።

ከሰሉንም ክፍል ውስጥ አታስገቢው። እኛ በረንዳ ላይ ነበር የምናፈላው፤ ልጆቹ በቡድን በቡድን እየወጡ ያነባሉ፣ የቀሩት ሰሌዳው ላይ ነጥቡን ያስቀምጣሉ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ተከታታይ አድርገሽ አስመድቢ፣ በአንዱ አያልቅም።