እትዬ የሸጡት ቤትና ያልተሸጠው እጃቸው

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከሸዋ በር አካባቢ ነው። በሰፈራችን ከሃያ ዓመት በላይ የቆየች፣ ስምንት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ምግብ ቤት አለች። ባለቤቷን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እትዬ» እያለ ነው የሚጠራቸው። እርሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሆኖም ረቡዕና ዓርብ ስገባ ጾመኛ መሆኔን ነግሬያቸው አላውቅም፤ የጾሙ ድስት ለብቻው፣ ማማሰያውም ለብቻው ነበርና። በረመዳን ቀን ዘግተው አመሻሽ ላይ ለኢፍጣር ሲከፍቱም ከጎረቤቶቼ ጋር ተቀምጬ ሾርባና ሳምቡሳ እቀምስ ነበር። ከበር ሲያዩኝ «አብሽር፣ ጥግህን ለማንም አልሰጠሁብህም» ይሉኛል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ምሳዬን የምበላው እዚያ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ጉልበታቸው ስለደከመ ቤቱን ሸጠው ኮምቦልቻ ወደምትኖረው ልጃቸው ሄዱ። ገዢው ወጣት ነው፤ የቤቱን ስምም ታፔላውንም አልለወጠም። እስከ ጥር ድረስ ምግቡ ያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሽሮው ሌላ ሆነ፣ እንጀራው ሲጠቀለል ይሰባበራል፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፣ ዋጋም ተጨመረ። ባለፈው ረቡዕ ሽሮው ቅቤ ይኑረው አይኑረው አስተናጋጇን ብጠይቃት «ልጠይቅልዎት» ብላ እንደሄደች ቀረች፤ እኔም ሳልበላ ወጣሁ። ለትምህርት ጃፓን ለምትገኘው ልጄ ይህንን በስልክ ብነግራት፣ እርሷም የምትወዳት የሰፈሯ ትንሽ ምግብ ቤት ሽማግሌው ባለቤት አርጅተው ለሌላ ሰው ስላስተላለፏት ጣዕሟ እንደተለወጠባት አጫወተችኝ። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ምግቡ ሌላ ሆኖ ሳለ በእትዬ ስም መነገድ አግባብ ነውን? ለወጣቱስ ልንገረው ወይስ ዝም ብዬ ልቅር?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ከዘረዘሯቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ የሽሮው ወይም የእንጀራው ነገር ሳይሆን ያ የረቡዕ ዕለት ጥያቄ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሳይጠይቁ በበሉበት ቤት መጠየቅ ግድ ሆነብዎት፤ ጠይቀውም መልስ አላገኙም። በአንድ ሰፈር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው በሚኖሩበት በወሎ ምድር ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው የሁለቱንም ወገን የጾም ቀን፣ የሥጋውን ልዩነትና የድስቱን መለየት ዐውቆ መጀመር ይገባዋል። እትዬ የራሳቸው ያልሆነውን ጾም ለእርስዎ ይጠብቁልዎት ነበር፤ እርስዎም ይህንን አምነው ዓይንዎን ጨፍነው ይጎርሱ ነበር። ከቤቱ ጋር አብሮ መተላለፍ የነበረበት ነገር ይህ ነው፤ ደግነቱ፣ ወጣቱ ፈቃዱ ካለው በአንድ ቀን ሊያስተካክለው የሚችለውም እርሱኑ ነው።

ስለ ስሙ ላነሡት ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። የንግድ ሕጋችን «የንግድ መደብር» የሚለው ጠረጴዛውንና ድስቱን ብቻ አይደለም፤ የንግድ ስሙና በደንበኞች ዘንድ ያተረፈው መልካም ስምም የመደብሩ አካላት ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲተካም ይህ ሐሳብ አልቀረም። ስለዚህ ወጣቱ ስሙን ገዝቶ ከሆነ በስሙ ቢሠራበት ጥፋት የለበትም። ቴሌቪዥኑና ዋጋውም የእርሱ ውሳኔ ናቸው።

«እስከ ጥር ድረስ ምግቡ ያው ነበር» ያሉት ቃል ግን ብዙ ነገር ይነግረናል። ጥሩ የሽሮ እህል ተለቅሞ፣ ተቆልቶና ተከክቶ፣ ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከኮረሪማና ከአዝሙድ ጋር ፀሐይ ላይ ደርቆ ወፍጮ ቤት ከሄደ በኋላ ለብዙ ወራት ይቀመጣል፤ ባለሙያ ሴት ይህንን የምታዘጋጀው ፀሐይ በማይጠፋበት በበጋው ወራት ነው። በርበሬውም እንደዚሁ ነው። እትዬ በጥቅምት ሲወጡ በጆንያና በእንስራ ያስቀመጡትን ሽሮና በርበሬ ለገዢው ትተውለት እንደሄዱ እገምታለሁ። እርስዎ ከጥቅምት እስከ ጥር የበሉት የእትዬን እጅ ነበር ማለት ነው፤ የተለወጠው የእርሳቸው ስንቅ ያለቀ ቀን ነው። ወጣቱ ያን ጊዜ ገበያ ወጥቶ የተፈጨ ሽሮ ገዝቶ ይሆናል፤ ከዚያ የተሻለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውምና። እንግዲህ ይህ ክፋት ነው ለማለት እቸገራለሁ። «ሙያ በልብ ነው» የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ የእትዬ ሙያ በልባቸው ስለነበረ በሽያጭ ውሉ ላይ ሊጻፍ አይችልም ነበር።

የእንጀራው ነገር ደግሞ ከዚህም ይረቅቃል። የጤፍ ሊጥ የሚቦካው ከቀደመው ቡሆ በተቀመጠ እርሾ ነው፤ ላዩ ላይ የጠለለው ቢጫ ውሃ ይቀዳና ከሊጡ ጥቂቱ በፈላ ውሃ ይበስላል፤ ይህ አብሲት ተመልሶ ሲጣልበት ሊጡ ኩፍ ይላል፤ ዓይን ያለውና የሚለሰልሰው እንጀራም የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘውና ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ብርድ በምትታወቀው ደሴ ሊጥ ቀስ ብሎ ነው የሚቦካው፤ የቸኮለ ሰው አይሆንለትም። ሲጠቀለል የሚሰባበር እንጀራ ብዙውን ጊዜ አብሲቱ የተዘለለ ወይም ጤፉ ከሌላ እህል ጋር ያለ መጠኑ የተደባለቀ ነው። ምናልባትም ቤቱ እንጀራ መጋገር ትቶ ከውጭ እየተረከበ ይሆናል። ያ ከሆነ የእትዬ እርሾ ቡሃቃው የታጠበ ቀን ሞቷል።

ልጅዎ ስላነሣችው ስለ ጃፓኑ ምግብ ቤትም ጥቂት ልበል፤ ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለምና። በጃፓን ባለቤቶቻቸው አርጅተው ተተኪ ያጡ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች በር ላይ «ኖረን» የሚባል አጭር የጨርቅ መጋረጃ ይንጠለጠላል፤ የቤቱ ስም ወይም ምልክት አለበት። ይኸው «ኖረን» የሚለው ቃል አንድ መደብር ሲሸጥ ከዕቃው ዋጋ በላይ የሚከፈልበትን መልካም ስም ለመግለጽም ያገለግላል፤ የሒሳብ ባለሙያዎቻቸው ሳይቀሩ በመዝገብ ላይ የሚጽፉት በዚሁ ቃል ነው። እኔን የሚማርከኝ ግን «ኖረንን ማካፈል» የሚሉት ልማድ ነው፤ ለብዙ ዓመታት በጌታው ሥር ያገለገለ ሠራተኛ ሙያውን ጨርሶ ሲማር በዚያው ስም የራሱን ቤት እንዲከፍት ይፈቀድለታል። ስሙ እጅን ተከትሎ ይሄዳል ማለት ነው። እንደ እባብ የረዘመውን ኡናጊ የተባለ ዓሣ የሚጠብሱ የቆዩ ቤቶችም አሉ፤ ዓሣው የሚነከርበትን መረቅ ጨርሰው አያወጡትም፤ በጎደለ ቁጥር አዲስ እየጨመሩበት ለአሥርት ዓመታት ያቆዩታል። ይህ የእኛ እርሾ ነው! ልጅዎ የሰፈሯ ምግብ ቤት ጣዕም ተለወጠ ስትል፣ ስሙ ተላልፎ ማሰሮው ሳይተላለፍ ቀርቶ ይሆናል።

እንግዲህ ዝም ብለው አይቅሩ። ዝም ብሎ የቀረ ደንበኛ ለምን እንደቀረ ባለቤቱ በምን ያውቃል? ከምሳ ሰዓት በፊት፣ ቤቱ ገና ሰው ሳይሞላ ይሂዱና ወጣቱን ለብቻው ያነጋግሩት፤ ሰው እየሰማ በገንዘብ መቀበያው ፊት የተነገረ ቅሬታ ያሳፍራል እንጂ አያስተምርም። መጀመሪያ የጾሙን ድስት ያንሡ፤ በረቡዕና በዓርብ ምን እንደሚጠብቁ፣ ሌሎች ጾመኞችም እንደእርስዎ ሳይበሉ ወጥተው ሊሆን እንደሚችል ይንገሩት። ስለ ሽሮው ሲነግሩት ደግሞ «እንደ ድሮው አይደለም» አይበሉት፤ ይህ ለማንም ምግብ ሠሪ አይጠቅምም። ኮረሪማው ጠፍቶ እንደሆነ፣ በሶብላው በዝቶ እንደሆነ፣ ዱቄቱ ሳይበስል ወርዶ እንደሆነ ለይተው ይንገሩት። ከሃያ ዓመት በላይ የቀመሰ አንደበት አለዎት፤ በሰፈሩ ለዚህ ልጅ ከእርስዎ የተሻለ መምህር ያለ አይመስለኝም። ሰምቶ ባይቀበልዎት እንኳ ቅር ሳይልዎት ምሳዎን ሌላ ቦታ መብላት ይችላሉ።

ከዚያ በፊት ግን ኮምቦልቻ ይውረዱ። መንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ እትዬም ጉልበታቸው ደከመ እንጂ አንደበታቸው አልደከመም። ስለ ሽሮው ይጠይቋቸው፤ ወጣቱን አንድ ቀን ይዘውት እንዲመጡም ያስፈቅዷቸው። በልጃቸው ቤት እያቦኩ ከሆነ ከእርሾው ጥቂት ይለምኗቸው፤ በጆግ ይዘው ሲመለሱ ክዳኑን ላላ አድርገው ይክደኑት፤ በመንገድም እየቦካ ስለሚሄድ ሊገነፍልብዎት ይችላል። የኮምቦልቻን ሙቀት የለመደ እርሾ ደሴ ሲገባ ይሰንፋልና፣ ወጣቱ የመጀመሪያውን ሊጥ ከወትሮው አንድ ቀን ጨምሮ ይጠብቀው።