ደረቱን ዳስሺ

በዚህ ወር ስለ ጨቅላ ሕፃናት የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከደጋ ናቸው። አይገርምም፤ ታኅሣሥ ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል። ከቆላ የመጣ አንድ ደብዳቤ ደግሞ ስለ ሙቀት ይጠይቃል። አገራችን እንዲህ ናት፤ ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚገባ ሰው ጋቢውን ያስቀመጠበትን ይረሳል። በሁለቱም ቦታ ከ30 ዓመት በላይ አዋልጃለሁና ሁለቱንም ለመመለስ እሞክራለሁ።

«ሲስተር፣ እንደምን ከርመዋል? የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ዛሬ 19 ቀኔ ነው። የምኖረው መሐል ሜዳ አጠገብ ነው። አማቴ ልጁን በሁለት ፎጣና በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከላይ ባና ይደርቡበታል። ሌሊቱን ሙሉ ከሰል ከቤት አይጠፋም። እንዲያም ሆኖ እጁን ስነካው በረዶ ነው። እሳቸው ‹ብርድ ገብቶታል፣ ቅቤ ይላስ› ይላሉ። ባለቤቴ እናቱ ፊት ቃል አይወጣውም። ምን ላድርግ?» — አራሷ፣ ከመንዝ

እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ። ከእጁ እንጀምር። የጨቅላ እጅና እግር ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ደሙ አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ ልብና ወደ አንጎል ነው። ስለዚህ እጁ ብቻውን ፍርድ አይሰጥሽም። መዳፍሽን አሙቂና በልብሱ ሥር አስገብተሽ ደረቱን ወይም ሆዱን ዳስሺ። ደረቱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ ብርዱ ገና መጀመሩ ነው፤ ካልሲና ቆብ አድርጊለት፣ ወደ ገላሽ አስጠጊው። ደረቱም ከቀዘቀዘ ግን ጊዜ አትስጪው፤ ገላሽ ላይ ለጥፈሽ፣ እያጠባሽ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውጪ። ማጅራቱ ላይ ላብ ካገኘሽ ደግሞ አማትሽ አብዝተዋል ማለት ነው።

ስንት ልብስ ይበቃል ለሚለው፣ አንቺ ከለበስሽው አንድ ድርብ ብቻ ጨምሪለት። ባናውን በተመለከተ እኔም አልጋዬ ላይ አለኝ፤ የመንዝ በግ ጠጉር የሚሰጠውን ሙቀት የሚተካ ነገር አላየሁም። ግን ለአንቺ ነው። ለሦስት ሳምንት ልጅ ይከብዳል፣ ወደ ፊቱ ቢንሸራተት ገፍቶ አያነሳውም። ከባና የሚበልጥ ማሞቂያ ደግሞ አለሽ። ልጁን ከሽንት ጨርቁ፣ ከቆቡና ከካልሲው በቀር አራቁቺው፤ ጡቶችሽ መካከል ደረት ለደረት አድርጊው፤ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዙሪና በነጠላ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው። ከዚያ ባናውን ጀርባሽ ላይ ጣል አድርገሽ ቁጭ በይ። አፍንጫው ይታይሽ፤ እንቅልፍ ሲመጣብሽ ለአማትሽ አቀብያቸው። ሆስፒታል መድረስ ያልቻለ ስንት ቀጭን ሕፃን በዚህ መንገድ ሲተርፍ አይቻለሁ። ሲተኛም በጀርባው አስተኚው፤ በጎኑ ወይም በሆዱ አይሁን።

አሁን ወደ ከሰሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ፍቀጂልኝ።

በ1984 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። እናቴ ልታርሰኝ መጣች። ጠንቃቃ ሴት ነበረች፤ ማንደጃውን ደጅ ታቀጣጥላለች፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ እስኪቀላ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ታስገባለች። በአሥራ አንደኛው ሌሊት ንፋሱ በበሩ ሥር አላስተኛ አለንና ክፍተቱን በማዳበሪያ ከረጢት ወተፈችው። ሌሊት ለማጥባት ስነሳ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ሆነ። ልጄ ጡቱን ያዘችና ለቀቀችው፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥላለች። እናቴ መሬት ላይ ካነጠፈችው መኝታዋ ሆና «ምች ነው፣ ምች ነው» ትላለች፤ እያለች አስመለሳት። ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ፤ ልጅቷን በአንድ እጄ ታቅፌ በዳሌዬ እየተንፏቀቅሁ ከረጢቱን በእግሬ ገፋሁትና በሩን ከፈትኩት። ውርጩ ገባ። ልጅቷ አለቀሰች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የጣፈጠኝ ለቅሶ የለም።

እኔ ነርስ ነበርኩ፣ ልጄ። በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። ከሰል ጭሱ ካለቀም በኋላ፣ ፍሙ ከቀላም በኋላ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። የኩበት ጭስ ቢያንስ ያስለቅስሻል፣ ሽሺ ይልሻል፤ ምንም እንኳ እሱንም የሕፃን ሳንባ ባይወደው። የከሰሉ ጋዝ ግን እያስተኛ ይገድላል። ስለዚህ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ክፍሉን ያሙቅና ይውጣ። ውስጥ ባለበት ሰዓትም በሩ ወይም መስኮቱ ገርበብ ይበል። እናንተ ነቅታችሁ ባላችሁበት እንጂ ተኝታችሁ ፈጽሞ አይኑር።

ቅቤው? ለጨቅላ አይላስም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ንጽሕናውም አይታወቅም፣ ለጡት የሚሆነውን ቦታም ይይዛል። እትብቱ ላይም አይቀባ። እትብት በአምስትና በአሥራ አምስት ቀን መካከል ደርቆ ይወድቃል፤ ጤና ጣቢያ የሰጡሽ የእትብት ቅባት ካለ እንዳሉሽ ተጠቀሚ፣ ከሌለ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይቆይ። ዙሪያው ከቀላ ወይም መግል ከያዘ አሳዪው።

አማትሽን እንዴት ላስቁም ነው ጥያቄሽ፣ ገብቶኛል። አታስቁሚያቸው፤ ሥራ ስጫቸው። ማንደጃውን የማስወጣቱ ኃላፊ እሳቸው ይሁኑ። ቅቤው ገንፎሽ መሐል ይግባ፤ በአንቺ በኩል ለልጁ ይደርሳል። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ነፋስ በማይገባበት የግድግዳ ጥግ ልጁን ለሩብ ሰዓት ያህል ፀሐይ የማሞቁ ሥራም የእሳቸው ነው። እግሩና ክንዱ ይራቆት፣ ዓይኑ ይከለል። በተዘጋ መስታወት ውስጥ የገባ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ አይሠራም። ይህ ቫይታሚን የጎደለው ልጅ ነው አጥንቱ ለስልሶ፣ ለመቆም ሲሞክር እግሩ የሚቆለመመው። በዚያው ብርሃን አንድ ነገር እይልኝ፤ ጣትሽን ደረቱ ላይ ጫን አድርገሽ አንሺ። ቆዳው ቢጫ ሆኖ ከታየሽ፣ ይልቁንም መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይየው። ጨለማ አራስ ቤት ውስጥ ቢጫነት አይታይም፤ እኔ ጨለማውን የምጠላው ለዚህ ነው።

«ሲስተር፣ የስድስት ሳምንት ወንድ ልጅ አባት ነኝ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰዓት እንደተሞላለት ይጀምራል፤ እስከ አራት ሰዓት ያለቅሳል። እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ፊቱ ይቀላል። ቀን ደህና ነው፣ ይጠባል፣ ክብደቱም ጨምሯል ብለውናል። አንዷ ጎረቤት እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ አሉ። ሌላዋ ጤና አዳም በስኳር ውሃ አጠጡት አሉ። እኔ መምህር ነኝ፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ እያንቀላፋሁ ነው።» — ከደብረ ብርሃን

አንተን ከሁሉ በፊት ላመስግን፤ አባት ሲጽፍልኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

የምትነግረኝ ልጅ ጤነኛ አልቃሽ ይመስለኛል። ጨቅላዎች በሁለት ሳምንት ገደማ ማልቀስ ያበዛሉ፣ በስድስት ሳምንት ገደማ ጫፍ ላይ ይደርሳሉ፣ በሦስትና በአራት ወር መካከል ይረግባሉ። ምሽት ላይ የሚብሰውም የተለመደ ነው። ሆዱ ይነፋ ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ ያየውና የሰማው በዝቶበትም ይሆናል፤ ምክንያቱን እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርህን ሰው ብዙ አትመነው። አቀማመጡን ቀያይር፤ ክንድህ ላይ በሆዱ አስተኝተህ ጀርባውን እሸው፣ አዝለህ ወዲያ ወዲህ በል፣ መብራቱን ቀንስ። ከጠባ በኋላ ትከሻህ ላይ አድርገህ አግሳው። ጤና አዳሙን ተዉት፤ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ሌላ፣ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር፣ ምንም አያስፈልገውም።

እንጥሉን ማንም እንዳይነካው! እንጥል ሁላችንም አለን፣ ሁላችንም ጉሮሮ ውስጥ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ «ወረደ» የሚባለው እዚያው የነበረው ነው። ስንት ልጅ ደም ሲፈሰው፣ ስንት ልጅ መንጋጋ ቆልፍ ይዞት እንደመጣብን ብነግርህ ዛሬም እንቅልፍ አታገኝም። ያልበቀለ ጥርስ እንንቀል የሚሉህም ቢመጡ መልሱ ያው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልንገርህ፣ እናቲቱም ታንብበው። ለቅሶው ትዕግሥታችሁን ሲጨርሰው ልጁን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝታችሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ፣ ለአምስት ደቂቃ ደጅ ውጡ። ቅዝቃዜው ይመልሳችኋል። በንዴት መነቅነቅ ግን አንጎሉ ውስጥ ደም ያፈሳል። እሱ ከማልቀሱ እናንተ ከመናደዳችሁ የበለጠ የሚያስፈራው ይሄ ነው።

መቼ ነው ለቅሶው ለቅሶ ብቻ ያልሆነው? ጡት እንቢ ሲል ወይም መጥባት ሲያቅተው፤ ሲዝል፣ ነክተኸው እንኳ ካልተንቀሳቀሰ፤ ሲንቀጠቀጥና ሲገታተር፤ ብብቱ ውስጥ ሙቀቱ 37.5 ሲደርስ ወይም ከ35.5 ሲያንስ፤ አየር ሲስብ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ገብቶ ሲሰረጉድ፤ እርግብግቢቱ ሲያብጥ ወይም ሲጎደጉድ። ተኝቶ ጸጥ ሲል ደግሞ ልብሱን ገልጠህ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠር። ግማሽ ደቂቃ ቆጥረህ በሁለት አታባዛ፤ የሂሳብ መምህር ብትሆንም። ጨቅላ ይፈጥናል፣ ለአምስት ለአሥር ሴኮንድ ያቆማል፣ እንደገና ይፈጥናል። በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግመህ ቁጠር፤ ያው ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ።

«እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ። የሁለት ወር ልጄ በሙቀቱ ከንፈሯ ይደርቃል። ጠብታ ጠብታ ውሃ ብሰጣት ምን አለበት?» — ከቆላ

አለበት። የእናት ጡት ወተት ከመቶ 87 ያህሉ ውሃ ነው፤ ቀድሞ የሚወጣው ደግሞ ቀጠን ያለው ነው። ሙቀት ሲበረታ ቶሎ ቶሎ አጥቢያት፣ ውሃውን አንቺ ጠጪ። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸናች፣ ሽንቷም ነጣ ያለ ከሆነ አልጠማትም። ሽንቷ ጨርቁን ቢጫ ካቀለመ ወይም ከቀነሰ ማጥባትሽን ጨምሪ፤ ካልተሻለ አሳያት። ቀን አንድ ስስ ቀሚስ ይበቃታል፤ ደጋ ያሉት አያቷ ምንም ቢሉ። ሌሊት ሁለታችሁም አጎበር ውስጥ ግቡ፤ እዚያ ያለው ወባ ጨቅላ አይምርም።

«የአምስት ቀን ሴት ልጄ ሽንት ጨርቋ ላይ ትንሽ ደም አየሁ። ጡቷም አብጧል። አያቷ ‹ይታለብ› አሉ።» — ከሞላሌ

ከአንቺ ማኅፀን የወረሰችው ሆርሞን እየለቀቃት ነው። ደሙ በጥቂት ቀን ይቆማል፤ ከበዛ ወይም ከእትብቷም ከደማ አሳያት። ጡቷን ማንም አይለብ፣ መግል ይቋጥራል። በራሱ ይጠፋል።

«ልጄ ሴት ናት፤ ክርስትናዋ ገና በ80 ቀኗ ነው። እስከዚያ ከቤት መውጣት የለብሽም ይሉኛል። ክትባቱ ይቆየኝ?» — ከሰላ ድንጋይ

አይቆይሽ። ወረቀት አውጪና አብረን እንቁጠር። የመጀመሪያው፣ ክንዷ ላይ የሚወጋው የሳንባ ነቀርሳ ክትባትና የፖሊዮ ጠብታው፣ እንደተወለደች የሚሰጥ ነው። ቀጣዩ በስድስት ሳምንት፣ ማለት በ42 ቀኗ። ሌላው በ10 ሳምንት፣ በ70 ቀኗ። ከዚያ የሚከተለው በ14 ሳምንት፣ በ98 ቀኗ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነስቶ በሁለተኛው ቀን ለክትባት ይደርሳል። ሴቷ ግን ክርስትናዋን ከጠበቀች ሁለት ቀጠሮ አለፋት። መንደር ለመንደር ስዞር፣ ካርዳቸው ላይ ክፍት ቦታ የማገኝባቸው ሕፃናት ሴቶች የሚበዙት ለዚህ ይመስለኛል። ሥርዓቱ ቤተ ክርስቲያን አትግቢ ነው የሚለው፤ ጤና ጣቢያ አትሂጂ አላለም። የሚጠራጠር ካለ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔ የጠየቅኋቸው ሁሉ «ሂጂ» ነው ያሉት።

ብቻዬን መውጣት እፈራለሁ ካልሽ ሰው ይዘሽ ውጪ፤ እንደ አራስ ልማድ ብረትም መያዝ ከፈለግሽ ያዢ፣ አልቆጣም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የ45 ቀን ሴት ልጇን አምጥታልኝ ሚዛኑ 4 ኪሎ ከ300 አለኝ። እሰይ ብዬ ካርዱ ላይ ጻፍኩ። ልጅቷን ለመርፌው ስገልጣት ከመታቀፊያዋ እጥፋት ውስጥ አንዲት ቢላዋ ወጣች። እንደገና መዘንናት፤ ቢላዋዋ ብቻ 200 ግራም ነበረች። ስለዚህ ብረቱን ለሚዛኑ ጊዜ አያቷ ይያዙልሽ።