ስለ መለኪያ ከዋክብት፦ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ጠያቂዎቹ የስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም ብርሃንን በየቀለሙ ዘርዝሮ የመለካት፣ ሶፍትዌር ይሠራሉ። አሁን የያዙት የመለኪያ ከዋክብትን ካታሎግ ነው፤ ብርሃናቸው በደንብ የታወቀ፣ የሌላው ሁሉ ብርሃን በእነሱ የሚመዘን ከዋክብት።

ቬጋ የተባለችው ደማቅ ኮከብ ከድሮ ጀምሮ መለኪያ ናት። እሷ ብቻ አትበቃም ወይ?

አትበቃም። ለትልቅ ቴሌስኮፕ ብርሃኗ ይበዛል፤ ካሜራውን ታጥለቀልቀዋለች። በዚያ ላይ በጣም በፍጥነት ትሽከረከራለች። በ1983 ደግሞ ኢራስ የተባለው ሳተላይት ዙሪያዋን አቧራ እንደከበባት አሳየ። የሀብል ቴሌስኮፕ የብርሃን ልኬት የቆመው በሦስት ነጭ ድንክ ከዋክብት (ነዳጃቸውን ጨርሰው የተኮማተሩ ትናንሽ ከዋክብት) ላይ ነው፦ ጂ191-ቢ2ቢ፣ ጂዲ 71 እና ጂዲ 153። ከእነሱ ጀምር።

ስንት ኮከብ ልሰብስብ?

በየትኛውም ወቅት፣ በየትኛውም የሌሊት ሰዓት ከአድማስ ከፍ ያለ አንድ ኮከብ እስኪገኝ ድረስ።

ከሦስት ቦታ ያገኘኋቸውን ሠንጠረዦች አንድ ፋይል ውስጥ ጨመርኩ። ፋይሉ እንዳይዝረከረክ ብዬ ምንጫቸውን አጠፋሁ። ችግር አለው?

አለው፣ ወንድሜ። ትልቅ ችግር አለው።

አንዱ ሠንጠረዥ የብርሃኑን መጠን ለእያንዳንዱ አንግስትሮም (የሞገድ ርዝመት አሃድ፣ የናኖሜትር አንድ አሥረኛ) ይሰጥሃል፣ ሌላው ለእያንዳንዱ ኸርዝ (የሞገድ ድግግሞሽ አሃድ)፣ ሦስተኛው በማግኒቲዩድ (የከዋክብት ድምቀት ደረጃ)። ሶፍትዌሩ አንዱን በሌላው ቦታ ካነበበ የስፔክትረሙ፣ ማለትም በየሞገድ ርዝመቱ የተዘረዘረው ብርሃን፣ ቅርጽ ይጣመማል። የሞገድ ርዝመቱስ የአየር ነው ወይስ የባዶ ህዋ? 5000 አንግስትሮም ላይ ልዩነቱ 1.4 አንግስትሮም ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ጥርት አድርጎ በሚለይ መሣሪያ ግን ኮከቡ በሴኮንድ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ ይመስልሃል፤ የሮጠው ግን ፋይልህ ነው። ከድሮዎቹ ሠንጠረዦች አንዳንዶቹ የሚሰጡት በየ50 አንግስትሮሙ አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ በኮከቡ ብርሃን ላይ ሃይድሮጅን የሚተዋቸው ጥቁር መስመሮች ቅርጻቸው ይጠፋል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቢዲ+17 4708 ለዓመታት የታመነ መለኪያ ነበር። በ2015 ግን ብርሃኑ ቀስ እያለ እንደሚለዋወጥ ታተመ። እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ፣ የትኛው ቁጥር ከየት እንደመጣ ካልጻፍክ ምኑን ታርማለህ? አንተን አምኖ ጋላክሲ የለካውን ሰውስ ማን ይነግረዋል? ስለዚህ በየኮከቡ ምንጩን፣ ዓመቱን፣ አሃዱን፣ አየር ወይም ባዶ ህዋ መሆኑን፣ ከየት እስከ የት የሞገድ ርዝመት እንደሚሸፍን ጻፍ። አዲስ ልኬት ሲወጣም አሮጌውን አትደምስስ፤ ከጎኑ አስቀምጠው። ፋይሉ ቢዝረከረክ ይዝረከረክ።

የኮከቡን የሰማይ አድራሻ በትክክል አስገብቻለሁ፤ ሶፍትዌሩ ግን ኮከቡን አላገኘውም።

ኮከብ ይንቀሳቀሳል። 40 ኤሪዳኒ ቢ የተባለው ነጭ ድንክ በዓመት ወደ 4 የቅስት ሴኮንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ይጓዛል፤ በ25 ዓመት 100 ገደማ ማለት ነው። ከአድራሻው ጋር የተለካበትን ዓመትና የፍጥነቱን መጠን አስገቢ። ጋያ የተባለው ሳተላይት ሦስተኛ ካታሎግ አድራሻዎች ለምሳሌ የ2016 ናቸው። ከአድራሻው ቁጥሮች አንዱ በሰዓት ሊጻፍ ይችላል፤ እሱን እንደ ዲግሪ አንብበሽውም እንደሆነ እዪ፤ ያ ከሆነ ሌላ ሰማይ ላይ ነው የምትፈልጊው።

ስፔክትረሙ ውስጥ 760 ናኖሜትር ላይ ጉድጓድ አለ። ኮከቡ ምን ሆኖ ነው?

ምንም አልሆነም፤ በእኛው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ብርሃኑን ውጦት ነው። 687 ላይም አለ። ሁለቱንም ከስሌቱ አውጣቸው።

እኔ የለካሁት ስፔክትረም በሰማያዊው በኩል ከካታሎጉ ያንሳል። የካታሎጉን ቁጥር ላስተካክለው?

እባክሽ አትንኪው! አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ የበለጠ ያጎብጠዋል። ኮከቡ ወደ አድማስ ዝቅ ሲል ቀዩ በስፔክትሮግራፉ (ብርሃኑን በየቀለሙ በሚዘረዝረው መሣሪያ) ጠባብ ክፍተት ያልፋል፣ ሰማያዊው ጠርዙን ይመታል። ክፍተቱን ከአድማሱ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም የሚመከረው ለዚህ ነው። በዚያ ሌሊት ክፍተቱ ወዴት እንደዞረ እኔ ከዚህ ሆኜ ላውቅ አልችልም። ያልተነካውን ጥሬ ፋይል ይዘሽ የመሣሪያውን ባለሙያ ጠይቂ፤ ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምልሽ። እሱ መልስ እስኪሰጥሽ ድረስ የዚያን ሌሊት ውጤት ለማንም አትስጪ።