ኮምፒውተር ከመግዛትህ በፊት የካሜራህን ሜኑ ክፈት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ካሜራዬ ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 ነው፤ በ4ኬ፣ 10 ቢት፣ 4:2:2 እቀርጻለሁ። ላፕቶፔ ኮር አይ5 8ኛ ትውልድ፣ ራሙ 8 ጊጋ ነው። ፕሪሚየር (የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሮግራም) ላይ ሳስገባው ስታክ እያደረገ አላሠራ አለኝ። አንድ ነጋዴ ኮር አይ7 12700ኤፍ ከአርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ጋር አቅርቦልኝ «ለኤዲቲንግ ከዚህ በላይ የለም» ይለኛል። ልግዛው?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል ወንድሜ። ማሽኑ ለጌም ቢሆን ግዛ እልህ ነበር። ለካሜራህ ግን አይሆንም።

ካሜራህ ኤክስኤቪሲ ኤችኤስ በሚባለው የቀረጻ ፎርማት ላይ ሲሆን ምስሉን ኤች 265 በሚባለው የመጭመቂያ ዘዴ አጥብቆ ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው። ስታጫውተው ኮምፒውተሩ የተጨመቀውን መልሶ መፍታት አለበት። ለዚህ ብቻ የተሠራ ክፍል ቺፑ ውስጥ ካለ ይቀለዋል፤ ከሌለ ፕሮሰሰሩ በጉልበቱ ይታገላል። 3060 ኤች 265ን ይፈታል፣ 4:2:2 (የቀለሙን ዝርዝር ከተለመደው 4:2:0 አብልጦ የሚይዘው) ሲሆን ግን አይችልም፤ ከኢንቪዲያ ካርዶች ይህን የጀመሩት በ2025 እ.ኤ.አ. የወጡት የ50 ተከታታዮች ናቸው። ከ11ኛ ትውልድ ወዲህ ባሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ አብሮ የሚመጣው ግራፊክስ ግን ይፈታዋል። ነጋዴው ያልነገረህ እዚህ ላይ ነው፦ ከቁጥሩ ኋላ ያለችው «ኤፍ» ያ ግራፊክስ የለም ማለት ናት። ኤፍ የሌለውን 12700 ጠይቅ። ካርድ ሲገጠም የውስጡ ግራፊክስ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ላይ ሊዘጋ ስለሚችል ሳትከፍል አስከፍተህ እይ።

ሜኑው ላይ ኤችኤስ ሳይሆን ኤክስኤቪሲ ኤስ 4:2:2 ካገኘህ ደግሞ እሱ በቀድሞው ዘዴ በኤች 264 የተጨመቀ ነውና፣ የዚያን 4:2:2 የኢንቴሉ ግራፊክስም አይፈታልህም።

ለመሆኑ 4:2:2 ምን ያደርግልሃል? ግሪን ስክሪን ካልሠራህ፣ ከለሩንም አለቅጥ ካልገፋኸው የሙሽራዋ ቤተሰብ ልዩነቱን አያይም። ለሚቀጥለው ሠርግ ኤችኤስን 4:2:0 ላይ አድርገው። 10 ቢቱ (የቀለሙ እርከን ብዛት) አይነካም፣ ያ አሮጌ ላፕቶፕህ እንኳ ይህን የሚፈታ ክፍል አለው። እስካሁን ለቀረጽከው ፕሪሚየር ላይ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ) አሠራ፤ ሌሊቱን ይሥራ፣ አንተ ተኛ።

ራም 32 ጊጋ፣ 16 በ16 ሁለት ፍሬ ይሁን። በሰከንድ በ200 ሜጋቢት ከቀረጽክ አንድ ሰዓቱ 90 ጊጋባይት ነው፤ በሁለት ካሜራ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በማግስቱም መልሱን ስትጨምር አስበው። በእጅህ ላለው ሥራ 1 ቴራ ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ ዲስክ)፣ ለማስቀመጫ ተራ ሀርድ ዲስክ ይበቃል። ዴስክቶፕ ባትሪ የለውምና ዩፒኤስ አትርሳ፤ ኤክስፖርት 90 በመቶ ደርሶ መብራት ሲሄድ የሚሰማውን አንተም ታውቀዋለህ።

ገንዘቡ ካጠረህ ራሙን አትንካ። ከካርዱ ቀንስ፣ 8 ጊጋ ያለው 3050 ለሠርግ አያንስም።