ቀጠሮው እስኪደርስ እጄን ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ከስምንት ወር ወዲህ የሁለቱም እጆቼ ጣቶችና አንጓዎች እያበጡ ያሙኛል። ጠዋት ደርቀው ጀበና እንኳ ማንሳት ያቅተኛል፤ የሚፈቱልኝ ረፋድ ላይ ነው። አዲስ አበባ ለመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት ሪፈር ተጽፎልኝ ቀጠሮው ከአራት ወር በኋላ ሆነ። እስከዚያ የሕመም ማስታገሻውን ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ፤ ከፋርማሲ የሰጡኝን ዴክሳም ጠዋት ጠዋት መውሰድ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ፣ እሱማ ተአምር ነው። ዘመዶቼ «የደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ውረጂ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ኮምቦልቻ ቢወርዱ ሙቀቱ የጠዋቱን ድርቀት ትንሽ ያቀልልዎት ይሆናል እንጂ በሽታውን አያድነውም። ብርድ የቁርጥማትን ሕመም ሊያባብስ ይችላል እንጂ በሽታውን አያመጣውም። ሁለቱንም እጅ እኩል መያዙ፣ ትንንሾቹን መገጣጠሚያዎች መምረጡ፣ ድርቀቱም ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየቱ ሩማቶይድ አርትራይተስን ያስጠረጥራል፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን የመገጣጠሚያ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ካልታከመ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አጥንት መብላት ስለሚጀምር አራት ወር ዝም ብሎ መጠበቅ አይገባም። እዚያው ደሴ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት (ኢንተርኒስት) ዘንድ በዚህ ሳምንት ይቅረቡ።

ስለ ተአምሩ ላንሳ። ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን) ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ የእብጠት ማብረጃ ነው። 0.5 ሚሊ ግራሟ አንድ ፍሬ ከ3 ሚሊ ግራም በላይ ፕሬድኒሶሎን (ሌላው ስቴሮይድ) ታህላለች። እብጠቱን ታበርዳለች፤ ሲሰነብት ግን ስኳርና ግፊት ትጨምራለች፣ አጥንት ታሳሳለች። ሆኖም ነገ በድንገት እንዳያቆሙ! ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል እጢ ሥራውን ለክኒኗ ትቶ ስለሰነፈ፣ በአንዴ ሲቋረጥ ድካም፣ ትውከትና የግፊት መውረድ ሊከተል ይችላል። ስትሪፑን ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስልዎታል።

ዳይክሎፌናክ ከዴክሳ ጋር ሲደመር ጨጓራን የማቁሰል ዕድሉ በጣም ይጨምራል። በቀን ከ150 ሚሊ ግራም አይለፉ፣ ምግብ በልተው ብቻ ይውሰዱ፤ በጾም ቀን ባዶ ሆድ መዋጥ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስሕተት ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም ከቁርስ በፊት 30 ደቂቃ ቀደም ብለው እንዲወስዱ ሐኪሙ ሊያዝልዎት ይችላል። አይቡፕሮፌን አይደርቡበት፤ ሕመሙ ከበረታ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ፣ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ይጨምሩ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ዳይክሎፌናኩን አቁመው የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይድረሱ።

ኢንተርኒስቱን የሚጠይቁት ዋና ነገር «ሜቶትሬክሴት አሁን ልጀምር ወይ?» የሚለውን ነው፤ የሰውነት መከላከያውን የሚያረጋጋ የዚህ በሽታ ዋና መድኃኒት ነው። አስቀድሞ የደም ሴል ቆጠራ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ የደረት ኤክስሬይ ያስፈልጋል። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው የደም ምርመራ ኔጌቲቭ ቢሆን በሽታው የለም ማለት አይደለም። ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ የተወሰደ እንደሆነ መቅኒን አድርቆ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ቀኑን በማሸጊያው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ። አብሮት የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን በሌላ ቀን ይወሰዳል። ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው እንዳይጥሉት። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ጠዋት እጅዎን ለብ ባለ ውኃ ሳፋ ውስጥ 10 ደቂቃ ያቆዩና ጣትዎን ቀስ እያሉ ይጨብጡ፣ ይዘርጉ። ጀበናውን በአንድ እጅ አያንሱ፤ ሌላኛውን መዳፍ ከሥሩ በጨርቅ ይደግፉት። ልብስ አጥቦ መጭመቅን ለሌላ ሰው ይተዉ። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ድንገት ቀልቶ ቢግልና ትኩሳት ቢኖር ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አያሹት፣ በዋግምትም አያስበጡት፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ዴክሳ ትኩሳትን ስለምትሸፍን ትኩሳት ባይኖርም አይዘናጉ።

ለአዲስ አበባው ቀጠሮ ውጤት የተጻፈበትን ወረቀት ብቻ ሳይሆን የእጅዎን የኤክስሬይ ፊልም ራሱን ይዘው ይሂዱ፤ ስፔሻሊስቱ ማየት የሚፈልገው እሱን ነው።