ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ እኔ በአትክልት ሥራ ነው ያረጀሁት። ሙያውን የጀመራችሁ ወጣቶች ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ምን ብትተክሉ እንደሚያምር ነው። ከዚያ በፊት ስላለው ሥራ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። እስቲ እንግሊዝ አገር ስላለው የኦክስፎርድ የዕፅዋት ግቢ ላውራችሁ።

ከሞድሊን ኮሌጅ ፊት ለፊት፣ ቸርዌል የሚባለው ወንዝ ዳር ያለ በግንብ የታጠረ ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1621 ሄንሪ ዳንቨርስ የተባለ መኳንንት የመድኃኒት ዕፅዋት እንዲለሙበት ብሎ 5,000 ፓውንድ ሰጠ። መሬቱን ከኮሌጁ ተከራዩት። ችግሩ ግን ወንዙ ሲሞላ ውሃ ይተኛበታል። ታዲያ ችግኝ ፍለጋ አልሮጡም፤ ወደ 4,000 ጋሪ ፍግና ጥራጊ አመላልሰው መጀመሪያ መሬቱን ከፍ አደረጉት። ግንቡና በሮቹ ያለቁት እ.ኤ.አ. በ1633 ነው፣ 12 ዓመት መሆኑ ነው! እኛ ጋ ደግሞ ሕንፃ ያልቅና ፍርስራሹ ላይ ስስ አፈር ይበተናል፣ ሣር ይነጠፍበታል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በጋው ሲገባ ሁሉም ይደርቅና ጥፋቱ የችግኙ ይሆናል።

አንድ የማልስማማበት ነገር ግን አለ። ግንቡ አብዛኛውን ገንዘብ በላው። እ.ኤ.አ. በ1642 የተሾመው የመጀመሪያው አትክልተኛ፣ ጀርመናዊው ያኮብ ቦባርት፣ ደመወዙን በወጉ ስለማያገኝ የግቢውን ፍራፍሬ እየሸጠ ነበር የሚኖረው። ይሄ በደል ነው። ግቢ ስታቅዱ የሚንከባከበውን ሰው ደመወዝ ከድንጋዩ በፊት አስቡ፤ እናንተንም «ልምድ ታገኛላችሁ» እያለ ዓመት ሙሉ በነፃ የሚያሠራ ካለ እሺ አትበሉ።

ቦባርት እ.ኤ.አ. በ1645 የተከለው ዛፍ ዛሬም ቆሟል። «የእንግሊዝ የው» (English yew) ይሉታል፣ ከግቢው ዛፎች ሁሉ ትልቁ ባለ ዕድሜ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1648 የታተመው የግቢው ዕፅዋት ዝርዝር ነው። በዚያ ዘመን፣ አገሩ በእርስ በእርስ ጦርነት ሲታመስ፣ ግቢው ውስጥ ምን ምን እንደነበረ ዛሬ የምናውቀው ተቀምጦ ስለተመዘገበ ነው።

ስለዚህ አዲስ ግቢ ከያዛችሁ መጀመሪያ አካፋ ይዛችሁ ቆፍሩ፣ ከሥር ምን እንዳለ እዩ። ክረምት ላይ ውሃው የት እንደሚተኛ ጎረቤት ጠይቁ። ከዚያ አንድ ደብተር ግዙና የተከላችሁትን ስም፣ ቀኑን፣ ከየት እንዳመጣችሁት ጻፉበት። የደረቀውንም ጻፉት፤ ለምን እንደደረቀ የምታስቡትን ጭምር።