13 ሳይሆን 11 የሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄሽን አየሁት እህቴ። የአንድ ተንቀሳቃሽ ነገር ፖዚሽን (ያለበት ቦታ) ኤክስ = ቲ³ − 2ቲ ነው፤ ኤክስ በሜትር፣ ቲ ጊዜው በሰከንድ። ከ1ኛው እስከ 3ኛው ሰከንድ ያለው አማካይ ቬሎሲቲ (ፍጥነት ከነአቅጣጫው) ስንት ነው? አንቺ 13 አገኘሽ፣ መልሱ ግን 11 ይላል። «መጽሐፉ ተሳስቶ ይሆን?» ብለሻል። አልተሳሳተም። እኔም ድሬ ስማር እዚሁ ጋ ተሸውጃለሁ።

ያደረግሽው ገብቶኛል። ዴሪቬቲቭ (በየቅጽበቱ ያለውን ቬሎሲቲ የሚሰጠውን) ወሰድሽ፣ 3ቲ² − 2 ሆነ። በ1 ሰከንድ 1፣ በ3 ሰከንድ 25። ደምረሽ ለሁለት ስታካፍይ 13። ይሄ ዘዴ አክስለሬሽኑ (ቬሎሲቲው በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ካልተለዋወጠ ሁሌም ይሠራል፤ ለዚህም ነው ሰው የሚያምነው። እዚህ ግን አክስለሬሽኑ 6ቲ ነው፣ ከ6 ተነስቶ 18 ይደርሳል።

እኔ ነገሩ የገባኝ ክፍል ውስጥ አይደለም። ሐረር ስሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነው። የደንገጎን ዳገት ታውቂዋለሽ፣ መኪናው እያቃሰተ ነው የሚወጣው። የስፒዶሜትሩ ቀስት 30 ላይ ተለጥፋ ቀረች። ደንገጎ ከወጣን በኋላ ወደ ሐረማያ ሲል 60 ገባ። አማካዩ 45 ነው አልኩ በሆዴ። ቆይ ግን፣ ግማሽ ሰዓት በ30፣ ሩብ ሰዓት በ60 ሄድን እንበል። 15 ኪሎ ሜትር እና 15 ኪሎ ሜትር። 30 ኪሎ ሜትር በ45 ደቂቃ ማለት በሰዓት 40 ነው። ቀስ ባልንበት ብዙ ስለቆየን አማካዩን ዳገቱ ወደ ታች ጎተተው። ያንቺም እንደዛው ነው። የጊዜው ግማሽ ላይ፣ በ2ኛው ሰከንድ፣ ቬሎሲቲው ገና 10 ነው። ወደ 25 የሚስፈነጠረው መጨረሻ ላይ ነው።

ስለዚህ ዴሪቬቲቩን ተይው። የት ነበር? የት ደረሰ? ስንት ሰከንድ ፈጀ? በቃ። በ3 ሰከንድ 27 − 6፣ 21 ሜትር። በ1 ሰከንድ 1 − 2፣ −1 ሜትር። እዚህ ጋ ቀስ በይ፤ 21 − (−1) 22 ነው። ኔጌቲቯን የረሳ 20 ብሎ ለ2 ያካፍልና 10 ያገኛል። እኔን ፈተና ላይ የበላችኝ እሷ ናት። ምርጫው ውስጥ 10 ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ ደስ ብሎኝ አጠቆርኳት። ትክክለኛው 22 ሲካፈል ለ2፣ 11 ሜትር በሰከንድ።

ደግሞ ዲስፕሌስመንትን (ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለውን የቦታ ለውጥ) ከተሄደው መንገድ ጋር እንዳታምታቺ። ድሬ ውስጥ ከከዚራ ሰፈር ሳቢያን በባጃጅ ደርሰሽ ብትመለሺ አማካይ ቬሎሲቲሽ ዜሮ ነው። ባለ ባጃጁ ግን የደርሶ መልሱን ነው የሚቀበልሽ አቦ!

አሁን ያንኑ ከ0 እስከ 1 ሰከንድ ሥሪው። መጀመሪያ ወደ ኋላ ሄዶ ነው የሚዞረው። −1 ሜትር በሰከንድ ካልመጣልሽ ስሌትሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪው፣ አብረን እናየዋለን።